ስድስተኛው ብሎን

ከዳባት ደባርቅ ባለው መንገድ አገኘሁን የማያውቅ ሰው ካለ፣ እሱ ወይ ከቤቱ ወጥቶ አያውቅም፣ ወይ በእግሩ ብቻ ነው የሚሄደው። ያቺን ነጭ የናፍጣ ሚኒባስ ከያዘ ወዲህ ሠርገኛውንም ለቀስተኛውንም፣ ገበያተኛውንም ታማሚውንም የሚያመላልሰው እሱ ነው። ቁጡ ነው። በሩን ወርውሮ የዘጋበትን ተሳፋሪ «የአማትህ ቤት በር መሰለህ እንዴ?» ሳይለው አያልፍም። ግን እርጉዝ ሴት መንገድ ዳር ቆማ አይቶ ትቷት ሄዶ አያውቅም። መነኩሴ ወይም ሽማግሌ ከተሳፈረለት ደግሞ የተቀመጠውን ጎረምሳ አስነሥቶ ጋቢና፣ ከራሱ አጠገብ ያስቀምጠዋል።

ያቺ ከአጠገቡ ያለችው ወንበር የክብር ወንበር ናት። ለምን ቢሉ፣ የመኪናዋ ሞተር ያለው ከሷ ሥር ነው። ወንበሯን ገልብጦ፣ ከሥሯ ያለውን የብረት ክዳን ላነሣ ሰው ሞተሩ ቁልጭ ብሎ ይታየዋል። በክረምት ከስሜን ተራራ የሚወርደው ብርድ አጥንት ሲሰረስር፣ እዚያች ላይ የተቀመጠ ሰው ሙቀቱ ከታች እየመጣለት ምድጃ ዳር እንዳለ ይሞቀዋል። ከኋላ ያለው ሕዝብ መስኮቱን ጥርቅም አድርጎ ይዘጋል። በዚያ አገር መኪና ውስጥ መስኮት ከፍቶ ሰላም ያገኘ ሰው የለም፤ «ኧረ ዝጋው፣ ብርድ ሊመታን ነው!» የሚለው ጩኸት ከየወንበሩ ይነሣበታል።

አገኘሁ በልጅነቱ ዳዊት እንዲደግም ደባርቅ አጠገብ ለነበሩ አንድ የኔታ ተሰጥቶ ነበር። ምን ያደርጋል፣ ሊማሊሞን የሚወጣ የጭነት መኪና ድምፅ በሰማ ቁጥር ፊደሉ ሁሉ ይጠፋበታል። አንድ ቀን ከአንዱ መኪና ኋላ ተንጠልጥሎ ሄደ፤ ረዳት ሆነ፣ ቆይቶም መሪ ጨበጠ። እናቱ «ዳዊቱን ጥሎ ናፍጣ መረጠ» እያሉ ስንት ዘመን አለቀሱበት። ባላቸው ሲሞቱ መነኮሱና እማሆይ ወለተ ጊዮርጊስ ተባሉ። ከዚያ ወዲህ ግን ቂሙ ለቀቃቸው። በሄዱበት ሁሉ «የልጄ መኪና» ማለት ጀመሩ፤ ጋቢናዋም የሳቸው ሆነች።

ነገሩ የጀመረው ፍልሰታ በገባ ሰሞን ነው። ሞተሩ ጠዋት ጠዋት ሲነሣ «ጥክ፣ ጥክ፣ ጥክ» ማለት አመጣ። አገኘሁ ጆሮው ሐኪም ነው፤ ወዲያው ገባው። የጭስ ማውጫው ብረት ከሞተሩ ጋር በሚገጥምበት ቦታ መሃል ላይ ጋስኬት የሚሉት ስስ ነገር አለ። ጭሱ በጎን እንዳያመልጥ የሚያፍነው እሱ ነው፤ እሱ ተቃጥሏል። አዲስ እንዳያስመጣ የጎንደሩ መንገድ ሰሞኑን ተዘግቷል። «ታዲያ ለዚች ጎንደር ምን አስኬደኝ?» አለና ዳባት መውጫ ላይ ወዳለው የያርጋል ጋራዥ ነዳ። ያርጋል መካኒክ ነው፤ አብሮ አደጉ ነው፤ ነገር አያበዛም።

ሥራውን አብረው ያዙት፤ አገኘሁ መኪናውን ለሰው እጅ ጥሎ መሄድ አይሆንለትም። ዝገት የበላቸውን ብሎኖች ናፍጣ እያጠጡ አለሳለሷቸው። ጠንካራውን የጋስኬት ወረቀት በብረቱ አፍ ላይ ዘረጉት፤ ጠርዝ ጠርዙን በመዶሻ ቀስ እያሉ ሲነካኩት ብረቱ ራሱ ወረቀቱን በልኩ ይቆርጠዋል። እዚህ ላይ አገኘሁን የሚያክለው የለም። እንደ ቀሚስ ጥለት የተስተካከለ ጋስኬት ቆርጦ አወጣና ለያርጋል እያገላበጠ አሳየው። አምስቱ ብሎኖች በሰላም ተፈትተው ነበር። ስድስተኛዋ፣ ጥግ ላይ ያለችው፣ ገና ቁልፉ ሲያርፍባት ቀጭ አለችና ግማሿ ሞተሩ ውስጥ ቀረች።

«ይችን ሳናወጣ እንዳትገጥም» አለ ያርጋል። «ሞተሩ ሲግል ብረቱ በዚያ በኩል አፉን ይከፍታል። ዳዶ በይጄባት አወጣልሃለሁ፤ መብራት እስኪመጣ ታገሥ።»

«መብራቱ መቼ ሊመጣ? አምስቱ ከያዙት አንዷ ብትቀር ምን ልትሆን?»

«እኔ ነግሬሃለሁ።»

«ነግረኸኛል። አሁን ቁልፉን አቀብለኝ።»

ገጠመው። ሞተሩን አስነሣው፤ ጥክታው ጠፍቷል። አገኘሁ እየሳቀ «ሰማህ? ምንም የለም!» አለ። ገና ያልጋለ ሞተር ነው እኮ፣ ምን ሊሰማ ኖሯል! የሞተሩን ክዳን ዙሪያውን የሚያፍነው ላስቲክም ተቆራርጦ አገኘው፤ የአሮጌ ብርድ ልብስ ቁራጭ ጠቀጠቀበትና ወንበሯን መለሰ። በነጋታው መብራት መጣ። ያርጋል ደወለለት፤ አገኘሁ «ነገ» አለ። በሌላውም ቀን «ነገ» አለ። አይ አገኘሁ! ጠላት ቢመክረው እንኳ ከዚህ የባሰ ባልመከረው።

በዚያው ሳምንት ተሳፋሪው ሁሉ ራሱን ይይዝ ጀመር። «ራሴን ፈለጠኝ» ይላል አንዱ፤ «ዞረብኝ» ትላለች ሌላዋ። ሁሉም በአንድ አፍ «ጾሙ ነው» ይባባላል። ፍልሰታ ነዋ! ሕፃን ሳይቀር የሚጾምበት ጊዜ ነው፤ ቅዳሴ ሳይወጣ እህል የሚቀምስ የለም። በዚህ ላይ ብርዱ አለ። ወንበሩ ላይ የሚያንቀላፋ ሰው ሲያይ አገኘሁ ራሱ «አይ የዛሬ ሰው፣ ጾም አይችል!» እያለ ይቀልድ ነበር። አንድም ሰው፣ አንድም ነፍስ፣ «ይህ ነገር ከመኪናው ይሆን?» አላለም።

በዚህ መሃል ልጁ እሌኒ ደባርቅ ሆስፒታል ወለደች። ሁለት ጊዜ አርግዛ ሳይበረክትላት ቀርቶ ነበር፤ አሁን በኦፕራሲዮን ወንድ ልጅ ተገላገለች። ባሏ አዲ አርቃይ አስተማሪ ነው፤ ናዳ መንገዱን ዘግቶበት እዚያው ቀርቷል። ስለዚህ አራሷን ማምጣት የአባቷ ዕዳ ሆነ። አገኘሁ አጥቦት የማያውቀውን የመኪናዋን ውስጥ ሳይቀር አጠበ። ሌላ ተሳፋሪ አልጫነም። ሚስቱን አልጣሽን ይዞ ሊነሣ ሲል እማሆይ መቋሚያቸውን ይዘው በር ላይ ቆመዋል።

«እማሆይ፣ አንቱ ደግሞ በዚህ ዝናብ ወዴት ነው?»

«የልጅ ልጄን ልጅ እኔ ሳልቀበለው ማን ሊቀበለው ኖሯል? ክፈት ይልቅ!»

ከፈተላቸው። ደስ አለው እንጂ ምን ይለዋል! እናቱን፣ ልጁን፣ የልጁን ልጅ በአንድ መኪና ጭኖ ዳባት ሊገባ ነው። ዕድሜ ልኩን የሰው ወዳጅ ዘመድ ሲያደርስ ኖሮ፣ ዛሬ የገዛ ራሱን ሊያደርስ ነው። ሦስቱን በሰላም ከቤት ካስገባ ሌላ ምንም አይፈልግም። በልቡ ለእመቤታችን የነገራትም ይህንኑ ነው።

ደባርቅ ሲደርሱ እማሆይ ራሳቸውን ይዘዋል። «ጾሙ ነው» አሉ። ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ዝናቡ በረዶ ቀላቅሎ ይወርዳል። «ከዚህ አይነሡ፤ አራሷን እኛ እናመጣታለን። ሞተሩን አላጠፋውም፣ እንዲሞቅዎ» አላቸውና በሩን በቀስታ ገጠመው። እስቲ ይታያችሁ! የመውጫ ወረቀቷ እስኪያልቅ፣ ዕቃዋ እስኪሰበሰብ፣ አስታማሚው ሁሉ እስኪሰናበት እማሆይ በተዘጋ መኪና፣ በሚሠራ ሞተር ላይ ብቻቸውን ተቀመጡ። ልጅ ለእናቱ ያሰበው መልካም ነገር ይህ ነበር።

ሲመለሱ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው አገኟቸው። አልጣሽ ሕፃኑን አስጠግታ ስትሰጣቸው ቀና አሉና በመቋሚያቸው ሳይሆን በእጃቸው ባረኩት። «ያሳድግህ፤ ለወግ ለማዕረግ ያብቃህ» አሉት፣ ቃሉ እየጎተተባቸው።

«ደከሙ እማሆይ?» አለ አገኘሁ።

«ጾሙ ነው ልጄ። ሙቀቱም ያስተኛል» አሉና መልሰው ተከናነቡ።

አልጣሽ እሌኒን መሃል ወንበር ላይ አጋደመቻት። ልጁን በነጭ ጋቢ፣ በላዩ በብርድ ልብስ፣ በዚያም ላይ በራሷ ነጠላ ጠቀለለችው። መስኮቶቹን አንድ በአንድ ሳበቻቸው፤ በር ሥር ሳይቀር ጨርቅ ወተፈች። የአገኘሁ መስኮት ማዞሪያው ከተሰበረ ቆይቷል፤ ጣት የሚያሳልፍ ክፍተት አለው። እሱንም ልትወትፈው ስትል «ተይው፣ መስተዋቱ ጉም ይለብስብኛል!» ብሎ ጮኸባት። «አራስ ይዘህ!» አለች፤ ትታው ግን ተቀመጠች። እሱን ለወሬ ያቆየው ያ ክፍተት ነው።

የወቅንን ከተማ ሲያልፉ እማሆይ ትከሻው ላይ ዘንበል አሉ። አገኘሁ ልቡ ቅቤ ጠጣ። እኒያ ብርቱ፣ እኒያ በዳዊቱ ነገር ስንት ዘመን ያኮረፉት ሴት ትከሻው ላይ ተኙለት! እንዳይነቁበት ብሎ ማርሽ ሲቀይር እንኳ ክንዱን ቀስ ነው ያንቀሳቀሰው። ጎርበጥባጣው ላይ አዘገመ። መጠምዘዣው ላይ አዘገመ። ሲቆይ ክብደታቸው በረታበት፤ «እንቅልፉ ገባላቸው» አለ በሆዱ። የራሱንም ራስ ይወጋው ጀመር፣ ዓይኑም ጭልም ይልበታል። እሱም ጾመኛ ነውና አልገረመውም።

«አባዬ» አለች እሌኒ ከኋላ፣ በደከመ ድምፅ። «ሊያስመልሰኝ ነው። ልቤ ልክ አይደለም።»

«ምች ነው!» አለች አልጣሽ። «ያንን መስኮት ዝጋ ብዬህ ነበር! ተሸፈኚ ልጄ፣ ተሸፈኚ። ቤት እንግባ እንጂ ዳማ ከሴ አሽትሻለሁ።» ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫዋ ሳበችላት። ከዚያ ስለ ገንፎው፣ ስለ ክርስትናው፣ ማን ክርስትና እንደሚያነሣው ማውራት ጀመረች። አልጣሽ ወሬ ከጀመረች መንገድ ነው የሚያልቀው እንጂ ወሬዋ አያልቅም።

አለቀ። በአንድ ዐረፍተ ነገር መሃል ተቋረጠ።

አገኘሁ መጀመሪያ ልብ አላለውም። ቀጥሎ ዝምታው ከበደው። «አልጣሽ?» አለ። በመስተዋቱ ቀና ብሎ አየ። የሚስቱ አፍ ተከፍቷል፤ ራሷ ወደ ጎን ተጥሏል፤ እጇ ከልጁ ጥቅል ላይ ተንሸራቶ ወርዷል። «እሌኒ! እሌኒ!» እሌኒም የለችም። ሦስት ሰው ከኋላው እያለ የሚተነፍስ ድምፅ የለም፤ የሚሰማው የሞተሩ ጥክታ ብቻ ነው። ያ ጥክ፣ ጥክ፣ ጥክ።

ፍሬኑን ረገጠው። ያን ጊዜ እንኳ፣ እግዚኦ፣ ያን ጊዜ እንኳ የእናቱን ራስ እንዳይነቁ ብሎ ከትከሻው ቀስ አድርጎ አንሥቶ ወንበሩ ላይ አስደገፈው። ወረደ፤ ተንገዳገደና ጭቃው ላይ በእጁ አረፈ። ተነሣ። የጎኑን በር እስከ መጨረሻው ወረወረው። ልጁን ነጠቀ። ነጠላውን፣ ብርድ ልብሱን፣ ጋቢውን ገፎ ጣለ። ሕፃኑ እንደ ጨርቅ ተዝለፍልፏል። አገኘሁ ዝናቡ ላይ ዕራቁቱን ወደ ላይ አንሥቶ «አምጪ! አምጪ! ልጄን አምጪ!» እያለ ጮኸ፤ እመቤታችንን ነበር የሚቆጣት፣ እንደ ተሳፋሪ።

ነፋሱ መኪናዋ ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ የባነነችው አልጣሽ ናት። ዓይኗን ስትገልጥ ያየችው አራስ ልጅ በነሐሴ ዝናብ ዕራቁቱን ነው። «ገደለው! ኡኡ! ሰው በላ! አረመኔ!» ብላ እየተንፏቀቀች ወረደችና በጡጫ ደረቱን፣ ፊቱን ትደበድበው ጀመር። እሱ አልሰማትም። የልጁን ጀርባ ያሻል፣ ያሻል።

ልጁ አለቀሰ።

ቀጭን ለቅሶ ነበር፤ ቀጥሎ ወፍራም ሆነ። እሌኒም ከውስጥ ስታስመልስ ተሰማች። አልጣሽ ልጁን ነጥቃ እቅፏ ውስጥ ደበቀችው፣ በአንድ አፏ ትራገማለች፣ በአንድ አፏ እልል ትላለች። አገኘሁ ጭቃው ላይ ተቀምጦ ሳቀ። ሳቁ መሃል ዓይኑ የሞተሩን ክዳን አየ፤ ዙሪያውን የጠቀጠቀው የብርድ ልብስ ቁራጭ ጥቀርሻ ለብሶ ከሰል ሆኗል። ነገሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ተገለጠለት። ጾም አይደለም። ምች አይደለም። ጭስ ነው። ከዚያች ወንበር ሥር የሚወጣ ጭስ ነው።

ከዚያች ወንበር!

ዞሮ የጋቢናውን በር ከፈተ። ነጠላቸውን ከፊታቸው ገለጠው። ከንፈራቸው ቀልቷል፤ ጉንጫቸው ወዝ አለው፤ እንደዚያ አምረው አይቷቸው አያውቅም። «እማሆይ» አለ። እጃቸውን ያዘ። «እማሆይ፣ ደርሰናል። ልጁ ደኅና ነው፤ ተነሡ።» ትከሻቸውን ነቀነቀ። «እማዬ፣ ተነሽ! እማዬ! ተነሽ እንጂ!»

እያዘገመላቸው፣ እየተጠነቀቀላቸው፣ ሬሳ አስተኝቶ ኖሯል የመጣው።

አገኘሁ መስኮቱን ሁሉ ከፍቶ እየነዳ ዳባት ጤና ጣቢያ ሲደርሱ ለእሌኒና ለልጁ ኦክስጅን ተደረገላቸው፤ ተረፉ። ለእማሆይ የሚደረግ አልነበረም። ወጣቱ የጤና ባለሙያ «ቤት ውስጥ ከሰል አንድዳችሁ ነበር?» ብሎ ጠየቀ። «ኧረ እኛ መኪና ላይ ነበርን» አለች አልጣሽ። ይህን ብላ ወደ ባሏ ዞረች፤ ፊቱን አየች።

ቀብሩ በነጋታው ሆነ። ከደባርቅም ከወቅንም ካህናትና ዘመድ መጣ። ለቀስተኛው ድንኳኑ ውስጥ እየተቀመጠ የሚለው አንድ ነገር ነው፦ «በእመቤታችን ጾም፣ የልጅ ልጃቸውን ልጅ ባርከው፣ በልጃቸው ትከሻ ላይ ተኝተው! ይህን የመሰለ ሞት ማን አገኘ? የታደሉ ናቸው!» አገኘሁ ይህን ሲሰማ ዋለ። በመጨረሻ ብድግ አለ።

«አልታደሉም!» አለ። «እኔ ነኝ የገደልኋቸው። ጭሱ ነው። ብሎኗን አላወጣሁም፤ ያርጋል ነግሮኝ ነበር። መኪናዬ ናት የፈጀቻቸው።»

ሰው ደነገጠ፤ ግን ያመነው የለም። «ተው አገኘሁ፣ አንደበትህን ሰብስብ።» «ሐዘን ነው የሚያናግረው።» «ውኃ ስጡት።» ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ይዞ አስቀመጠው። ያርጋል አንገቱን ደፍቶ ዝም አለ። አልጣሽም ከሴቶቹ መሃል ሆና ዝም አለች።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ እንደገና ጣለ። ለቀስተኛው መበታተን ጀመረ። አገኘሁ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጦ ሳለ ከአጥሩ ውጭ ሞተር ሲነሣ ሰማ። የራሱን መኪና ድምፅ ከሺህ ይለየዋል። የአጎቱ ልጅ ሀብተ ሚካኤል፣ እሱም ሾፌር ነው፣ ቁልፉን ከተሰቀለው ኮቱ ኪስ ወስዶ የደባርቆቹን ካህናት ሊያደርስ ነው። ለደግ ነው ያደረገው፤ ሐዘንተኛ ላለማስቸገር።

አገኘሁ ሰውን እየረጋገጠ፣ በባዶ እግሩ፣ ወጣ። መኪናዋ ሞልታለች። መስኮቱ ሁሉ ተዘግቷል፤ ትንፋሹ መስተዋቱን ጉም አልብሶታል። ጋቢና፣ በዚያች ወንበር ላይ፣ አንድ ሸምገል ያሉ ቄስ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል፣ ሲሞቃቸው ፈገግ ብለው። «ውረዱ!» አለ። አልሰሙትም። ከመንገዱ ድንጋይ አነሣና የመጀመሪያውን መስኮት መታው። ጩኸት ሆነ። ሁለተኛውን መታ። ሦስተኛውን።

«አበደ! ያዙት! አበደ!»

ሀብተ ሚካኤል ወርዶ ከኋላው አቀፈው። ያርጋል መጣና የሀብተ ሚካኤልን እጅ ያላቅቅ ጀመር፤ «ተወው፣ ልቀቀው፣ እውነቱን ነው» ይላል፣ ድምፁ ግን በጩኸቱ መሃል አይሰማም። ከውስጥ አንዱ ተሳፋሪ የመስተዋቱን ስባሪ ከጭኑ ላይ እያራገፈ «ኧረ ብርድ ገባብን፣ ጨርቅ ነገር አቀብሉን!» አለ።

አልጣሽ ነጠላዋን እየጎተተች በዝናቡ መሃል መጣች። ሰው መንገድ ለቀቀላት፤ ባሏን የምታረጋጋ መስሎት። እሷ ግን ድንጋዩን ከእጁ ወሰደች። ጋቢናው ጋ ሄዳ፣ ቄሱን በእጇ «ዞር ይበሉ አባቴ» አለቻቸውና በሳቸው በኩል ያለውን መስኮት በሙሉ ኃይሏ መታችው።

«ጭስ ነው!» አለች። «እኔም ራሴን ስቼበት ነበር። ውረዱ!»